የቋራ ሳጥን

ታምሬ ወሬውን የሰማው ሱዳን ውስጥ፣ ቁረይሻ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ ነው። ወገቡን ሊያቃና ቀና ሲል ከዶካ የመጣው ያረጋል ማሳው ዳር ቆሞ ስልኩን ያወዛውዛል። የባንታምላክ ልጅ "አገር ግባ"ን ልትቀባው ነው፣ የሳጥኖቹንም ስም ልትለውጠው ነው አለው። ታምሬ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ማጭዱን ነዶው ላይ ሰካና ለማሳው ወኪል ሆዴን አሞኛል ብሎ ወደ ዶካ የሚሄድ ሎሪ ላይ ተሳፈረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያጭድ ሥራ መሃል ጥሎ ሄዶ አያውቅም። 

አገር ግባን ላላየ ሰው ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ዶካ ገበያ ጫፍ፣ ሎሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ አጠገብ፣ ከኒም ዛፎቹ በላይ አንገቱን ያወጣ የብረትና የእንጨት መንኮራኩር ነው። ስምንት ሳጥኖች ተንጠልጥለውበታል፤ በየሳጥኑ ሁለት ሰው፣ ከተጠጋጉም ሦስት ይቀመጣል። ሞተር የለውም፤ ሰው ነው እጀታውን ይዞ የሚያዞረው። ባንታምላክ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ተሰዶ መጥቶ፣ ከወዳደቀ የሎሪ ብረት ሲሠራው የገበያ ልጆችን ሊያጫውትበት ነበር። ግን እጁ አላርፍ ብሎ በየሳጥኑ ጎን የአገር ስም ጻፈበት። ወሬው ሲመጣ የሚነበቡት መተማ፣ ሸህዲ፣ ጭልጋ፣ አርማጭሆ፣ ቋራ፣ ሁመራ፣ ደንቢያና በለሳ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ገፍቶ አዋቂው ገባበት።

ወጉም እዚያው ተፈጠረ። አጨዳው ሲያልቅ ሠራተኛው ወደ አገሩ ከመሻገሩ በፊት፣ መሻገር ካልሆነለትም በመሻገሩ ፈንታ፣ የአገሩ ስም ያለበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሳጥኑ ጫፍ ሲደርስ አዟሪው እጀታውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። የተቀመጠው ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሚወደውን ሰው ስም ይጠራል፤ ደህና መሆኑን፣ መዳኑን፣ ወይም መውለዱን ጮክ ብሎ ይነግረዋል። በቃኝ ሲል ያወርዱታል። በዚያ በኩል፣ ሰማይ ከምድር በሚገጥምበት፣ ሰማያዊ የተራራ መስመር ይታያል። የጭልጋው ሰው የጭልጋ ነው ይላል፤ የአርማጭሆው የአርማጭሆ ነው ብሎ ይምላል። እውነቱን ለመናገር ግን ተራራው ከድንበሩ ወዲህ፣ ሱዳን ውስጥ ያለ ተራ ኮረብታ ነው፤ የሎሪ ሾፌሮች በሥሩ እያለፉ ፍየል ይገዙበታል። ይህንን መሬት ላይ ሆኖ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እንኳ ሳጥኑ ውስጥ ከወጣ በኋላ ይረሳዋል። ሲረሱ ደግሞ የጎንደር ሰዎችን የሚያህል የለም።

ታምሬ በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሲመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ወባ አድቅቆት፣ አብረውት የመጡት ጥለውት ተሻግረው፣ ብቻውን ዶካ ቀረ። ሰው ወደ አገር ግባ ሲጎርፍ አይቶ እሱም ሄደ። ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሯልና ስምንቱንም ሳጥን አንድ በአንድ አነበበ። ቋራ የለም። ሁለተኛ ዞሮ አነበበ፤ አሁንም የለም። እዚያው ቆሞ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ባንታምላክ እጀታውን ለቆ መጣና ምን ሆንክ አለው። የኔ አገር የለም አለ ታምሬ። የት ነው አገርህ? ቋራ። ባንታምላክ ግንባሩን ዳበሰውና ወባ ዓይንህን አድክሞታል፣ ነገ ተመለስ አለው።

በማግሥቱ ተመልሶ ሲመጣ አምስተኛው ሳጥን ላይ በአረንጓዴ ቀለም፣ ጉልህ ሆኖ፣ ቋራ የሚል ተጽፏል።

"ተሳስተህ ነው፤ ትናንትም ነበረ" አለው ባንታምላክ።

ታምሬ በራሱ አፈረ። ተቀመጠ፣ ወጣ፣ ጫፍ ደረሰ። ያ ሰማያዊው ተራራ ቋራ ነው ወይ ብሎ ወደታች ጮኸ። ባንታምላክም ከሥር ሆኖ፣ "አዎ፣ እሱ ነው" አለው። ታምሬ እናቱን ጠርቶ መዳኑን ነገራት። ሲወርድ የሱሪው መቀመጫ አረንጓዴ ሆኖ ሰው ሁሉ ሳቀበት፤ ባንታምላክም ትንሽ ላድሰው ብዬ ነው አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ታምሬ ይህን ታሪክ በየሰሊጥ ማሳው ሲያወራ የኖረው በራሱ ለማሳቅ ነው፤ የገዛ አገሩን ስም ማንበብ ያቃተው ሰው እያለ።

አሁን ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ከሁለት ዓመት ወዲህ በቋራ በኩል መንገዱ ጥይት የሚጮህበት ሆኗል፣ ስልኩም አይሠራም። ታምሬ አልተሻገረም። እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው በየዓመቱ ኅዳር ላይ አምስተኛው ሳጥን ውስጥ ወጥቶ "እማ፣ አለሁ" እንደሚላት ብቻ ነው። ያ ሳጥን ከጠፋ እናቱን የሚጠራበት ቦታ የለውም። ሎሪው ላይ ሆኖ ያሰበው ይህንን ነው።

ዶካ ሲደርስ ወሬው ከነገሩ በላይ አብጦ ጠበቀው። ያረጋል የበለሳ ሰው ነው፤ ነገር ሲገኝ ደሙ የሚሞቅ ዓይነት። "አገር ግባ አይነካም" የሚል የቴሌግራም ቡድን ከፍቶ በሁለት ቀን አራት መቶ ሰው አስገብቶበታል። የሳተላይት ኢንተርኔት ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ብሎ የሚላክለትን የድምፅ መልእክት ለተሰበሰበው ያሰማል። አንዱ ከትሪፖሊ፣ ሚስቱን ያጨው በደንቢያ ሳጥን ውስጥ እንደሆነ ተናግሮ አለቀሰ። አንዱ ከጁባ፣ የፊደሉ ቅርጽ እንኳ ቢለወጥ ዶካን እንደማይረግጥ ማለ፤ ሰውየው ዶካን ከረገጠ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሁሉ አብልጦ የጮኸው እዚያው ገበያ ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ነበር። ይህ ሰው ከፍታ ስለሚያዞረው በዕድሜው አንድ ቀን ሳጥን ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

በገበያው ማግሥት ሰው ሁሉ ከመንኮራኩሩ ሥር ተሰበሰበ። ትሁት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መካከል ላይ ቆመች። አባቷ ባንታምላክ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጀታው የሷ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ዶካ ተወልዳ ዶካ አድጋለች፣ ክንዷም ከብዙ ወንድ ክንድ ይጠነክራል። ቀለሙ እየተላጠ እንደሆነ፣ እንጨቱም መድረቅ እንደጀመረ አስረዳች። ከዚያ ዋናውን ተናገረች።

"አባቴ ስምንት አገር አወረሰኝ" አለች። "አሁን ዶካ ያለው ሰው ግን የስምንቱ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ከካርቱም፣ ከመደኒ፣ ከሲንጃ ስንት ሰው እንዳመጣ እናንተም ታያላችሁ። ልጆቻቸው መጥተው ይቆማሉ፤ የሚቀመጡበት የላቸውም።"

ዓይኗን ወደ አንዲት ሴት ጣል አደረገች። ብፅአት ትባላለች፤ የጭልጋ ልጅ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመት ኦምዱርማን ውስጥ ምግብ ቤት ሠርታ፣ ከተማው ሲነድ ልጇን ይዛ የወጣች። ሃና የምትባለው ልጇ የስምንት ዓመት ናት። ባለፈው ዓመት ትሁት፣ የልጅቷ እናት የጭልጋ ስለሆነች፣ ሃናን ጭልጋ ላይ አስቀምጣ አውጥታት ነበር። ልጅቷ ጫፍ ላይ ሆና ዝም አለች። ትሁት እጇ እስኪዝል ይዛ ጠበቀቻት፤ ሃና ግን ከላይ ሆና እዚያ ማንንም አላውቅም፣ እኔ የኦምዱርማን ነኝ አለች። ትሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከልቧ አልወጣላትም። ለተሰበሰበውም ከስምንቱ አራቱን ልለውጥ ነው አለች።

ሜዳው በጫጫታ ተሞላ። የትኞቹን አራት? ያረጋል ልጅቷ ደሟ የጭልጋ ነው፣ ጭልጋ ይበቃታል አለ። ልብስ ሰፊው፣ መርጀሃ፣ ዥዋዥዌ ማለቱ ነው፣ የሚፈልግ ሱዳናዊ የራሱን ይሥራ አለ። የሸህዲዋ ሻይ ሻጭ ዘኪያ፣ እናንተስ በማን መሬት ላይ ቆማችሁ ነው ብላ ጠየቀች፤ የሰማት የለም።  ሰው ሁሉ ወደ ታምሬ ሲያይ፣ ትልቅ ሰው ነውና አንድ ነገር እንዲናገር ሲጠብቁት፣ አፉን ከፈተ።

"ኦምዱርማን የሚያምራት ኦምዱርማን ትሂድ" አለ።

 ኦምዱርማን ምን እንደደረሰባት የማያውቅ ሰው ዶካ ውስጥ አልነበረም። ብፅአት ነጠላዋን አስተካክላ የልጇን እጅ ይዛ ሄደች። ታምሬ ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ተጸጽቷል። ግን በሰው ፊት ቃሉን መመለስ ከብዶት ቆመ። ትሁት ዓይኗ ቀላ፤ እንግዲያው ይቅር፣ አልለውጥም፣ እንደነበረው አስቀባዋለሁ አለች። ያረጋል እዚያው ድሉን ለአራት መቶ ሰው አስተላለፈ። ታምሬን እየመጡ ጨበጡት፤ እሱ ግን የጨበጡት እጅ የሱ እንዳልሆነ ያህል ዝም ብሎ ይሰጣቸዋል።

ለቅቡ ትሁት ሃፍቱን ጠራች። ሃፍቱ በሐምዳይት ድንበር በኩል የመጣ የትግራይ ልጅ ነው፤ አናጺም ቀለም ቀቢም ነው፣ ወሬ አይወድም። ታምሬ ቋራ ፊደል በፊደል እንደነበረው መጻፉን ካላየሁ አልሄድም ብሎ በርጩማ ይዞ ከመንኮራኩሩ ሥር ተቀመጠ። ያረጋልም በበኩሉ በለሳን ሊጠብቅ መጣ። ዘኪያ ሁለቱን አይታ፣ ሳጥኑ እግር አውጥቶ እንዳያመልጥ ነው ብላ ሻይ ቀዳችላቸው።

ሃፍቱ ቀለሙን ከፍቶ መቀባት ይጀምራል ብለው ሲጠብቁ የብረት መፋቂያ አወጣ። ያረጋል ዘሎ ተነሣ። ሃፍቱ ረጋ ብሎ፣ የተላጠ ላይ የተቀባ ቀለም ክረምት አይሻገርም፣ መጀመሪያ እስከ እንጨቱ ይፋቃል አለው። ባንታምላክ አንድም ቀን ፍቆ አያውቅም ነበር። እሱ ዝም ብሎ በላዩ ላይ ነው የሚደርበው፤ ለዚህም ነው ሳጥኖቹ በየዓመቱ የሚከብዱት። ሥራውንም የሚሠራው በክረምት ነበር፤ ዝናቡን እፈራለሁ እያለ ሸራ ጋርዶ፣ ሠራተኛ ሁሉ አገሩ በገባበት ወቅት።

መጀመሪያ የተፋቀው በለሳ ነው። ቢጫው ሲነሣ ከሥሩ ሰማያዊ ቀለም ወጣ፤ በሰማያዊውም ላይ ወገራ የሚል ጽሑፍ። ሃፍቱ ቀና ብሎ አያቸው። ወገራ ሲፋቅ ጎርጎራ መጣ። ያረጋል አፉን ያዘ። እሱ በለሳ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ እዚያ ላይ የነበረ ነው የሚመስለው። ዘኪያ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ጥላ መጣች። ሸህዲ ሲፋቅ ከሥሩ በዐረብኛ የተጻፈ የሱዳኑ ገላባት ተገኘ፤ ደንቢያ አምስት አገር ለብሶ ነበር። ሰዉ እየተጠራራ ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ጎርጎራ የነበረበትን ዘመን አስታወሰ፤ አንዲት ሴት ወገራ ባሏ ይቀመጥበት እንደነበር፣ እሱ ሞቶ የወገራ ሰዎች መምጣት ሲያቆሙ ሳጥኑ የት እንደገባ ጠይቃ እንደማታውቅ ተናገረች። ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው። ባንታምላክ በየክረምቱ፣ ሲብስም በአንድ ሌሊት፣ ማን እንደቀረና ማን እንደመጣ እያሰበ አገሮቹን ሲለዋውጥ ኖሯል። ሲመጡ ደግሞ ሁሉንም፣ ትናንትም ነበረ ይላቸዋል። እነሱም ያምኑታል፤ ሰው የሚፈልገውን ነገር አግኝቶ ከየት መጣ ብሎ አይመረምርም።

ሳቅ ሆነ። ያረጋል ራሱ ሳቀ። ታምሬ ግን ከበርጩማው ተነሥቶ ወደ አምስተኛው ሳጥን ተጠጋ። ትናንትም ነበረ የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ይጮህበታል። አረንጓዴ የሆነው ሱሪው ትዝ አለው።

"ፋቀው" አለ ለሃፍቱ።

ሃፍቱ ፋቀ። አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ታድሶ ስለነበር ወፍሯል፤ ግን ሌላ አገር በመካከል አልነበረም፣ ቋራ በቋራ ላይ ብቻ። በመጨረሻ ቀይ ቀለም ብቅ አለ። ከቀዩ ሥር ደረቅ እንጨት ነው፤ ከሱ በፊት ምንም አልተጻፈበትም። በቀዩ ላይ፣ ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ ትጋት፣ በፊደሎቹ ጫፍ ላይ አበባ እየተሣለ፣ አለፋ የሚል ተጽፏል።

የአለፋ ሰው ማን ነው እያሉ እርስ በርስ ተጠያየቁ። በዚያ ገበያ ከአለፋ የመጣ ሠራተኛ የሚያስታውስ አልነበረም። ትሁት ግን እጇን ፊደሉ ላይ አድርጋ ቆመች።

"አለፋ የአባቴ አገር ነው" አለች። "ልጅ ሆኜ፣ አባዬ፣ ያንተ ሳጥን የቱ ነው እለው ነበር። እኔ አዟሪ ነኝ፣ አዟሪ አይቀመጥም ይለኛል። የለውም ብዬ ነበር የማስበው።"

ታምሬ እዚያው የተፋቀው ቀለም ላይ ቁጭ አለ። ባንታምላክ ከስምንቱ አንዱን፣ ያማረውን፣ ለራሱ ሠርቶ ነበር። ከረሃብ ሸሽቶ መጥቶ አንድ ነገር በአገሩ ስም ጽፎ ነበር። ከዚያ አንድ ወባ የያዘው የማያውቀው ልጅ መጥቶ አለቀሰ። ስምንት ሳጥን ነበር፤ ሰባቱ የሰው ናቸው። የሰው አልነካም። የራሱን በአረንጓዴ ሸፈነው፤ ልጁም ውለታው እንዳይከብደው ተሳስተህ ነው አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ታምሬ በሰውየው አገር ላይ ተቀምጦ እናቱን ሲጠራ፣ ሰውየው እስኪሞት ድረስ ከሥር ሆኖ እጀታውን ይዞለታል።

"እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኩትም" አለ።  "ይገባኛል ብዬ ነበር የምቀመጠው። አንድ ቀን፣ አያ ባንታምላክ፣ እግዜር ይስጥህ አላልኩትም።"

 ትሁት አጠገቡ ተቀመጠች፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ያንኑ ቀይ ፊደል ያያሉ። ታምሬ ዓይኑን ጠርጎ፣ በይ እንግዲህ አለፋን ጻፊው፣ እኔ የትም እቀመጣለሁ አላት። ትሁት ራሷን ነቀነቀች።

"አያ ታምሬ፣ አባዬ አለፋን ቢፈልግ ኖሮ ይጽፈው ነበር። ቀለም አልጠፋበትም።"

ታምሬ ይህንን ሰምቶ ብዙ አልቆየም። ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ሃፍቱን እንዳትጽፍበት ብሎ አስጠነቀቀና ሄደ።

ብፅአት ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው የምትኖረው። ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀመች አገኛት። ታምሬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ክፉ ተናግሬያለሁ፣ የተናገርኩት ለልጅ ነው፣ ይቅር በይኝ አላት። እሷም ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። ታምሬ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ መጠበቅ ይገባዋል። ብዙ ቆይታ ሰፌዱን አስቀመጠችና፣ የተናገርከው ለሷ ነው፣ ለሷ ንገራት አለችው። ልጅቷን ጠራቻት።

ታምሬ ተንበረከከ። ሃና የእናቷን ቀሚስ ይዛ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

"ነገ ወደ መርጀሃው ነይ። ሳጥንሽ እዚያው ነው፤ አላየሽው ሆኖ ነው እንጂ" አላት።

"ማፊ" አለች ሃና፤ የለም ማለቷ ነው። "እማዬ ስምንቱንም አንብባልኛለች። ኦምዱርማን የለም።"

"እናትሽ ተሳስታ ይሆናል።"

ብፅአት ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ማንም አላያትም ነበር። ታምሬ ሳቁን ይቅርታ ነው ብሎ ተቀብሎ ተመለሰ።

ሃፍቱ አለፋንም ፋቀው። ከመፋቁ በፊት ያረጋል ፎቶ አንሥቶት ነበር፤ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ካየ በኋላ ትሁት ራሷ በቃ፣ ፋቀው አለች። ሳጥኑን ሰማያዊ ቀቡት፤ ትሁት የዐረብኛ ጽሕፈቷ የሚያምር ነውና ኦምዱርማን ብላ በነጭ ጻፈችበት። ታምሬ የቀለሙን ቆርቆሮ ያዘላት። በመጨረሻው ፊደል ላይ አበባ ጨምሪበት አላት፤ እንደ አባትሽ። ጨመረችበት።

ያረጋል ኦምዱርማን በመጻፉ ተቆጥቶ፣ በዚያው ቀን ሳጥን ውስጥ ዳግመኛ እንደማይገባ በቡድኑ ላይ አስታወቀ። የአለፋን ፎቶ ከነታሪኩ አብሮ ስለላከ ግን የጠበቀው ቁጣ አልመጣለትም። የመጀመሪያው መልስ ከትሪፖሊ ነበር። ሰውየው፣ እኔም ስመጣ ደንቢያ አልነበረም፣ በማግሥቱ ነው ያየሁት አለ። ከዚያ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ፣ እኔም፣ እኔም ሆነ። ማታውን ስለ ቀለሙ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ባንታምላክን ነፍስ ይማር ሲል ነው ያደረው። የቡድኑን ስም መለወጥ ማንም ትዝ ስላላለው እስከ ዛሬ "አገር ግባ አይነካም" ይባላል። ያረጋልም በሚቀጥለው የገበያ ቀን በለሳ ፊት ተሰልፎ ታይቷል። በለሳ በበኩሉ አልጠፋም፤ ሃፍቱ ከሥሩ ወገራን በትንሹ ጽፎለት ሁለት ሆነው ይኖራሉ።

በማግሥቱ ሃና ከእናቷ ጋር መጣች። ሳጥኑን አየች፤ የዐረብኛውን ፊደል ራሷ አነበበች። ከዚያ ጣቷን ሰማያዊው ላይ አሳርፋ አነሣችው። ጣቷ ሰማያዊ ሆነ። ታምሬ ተሳስተሽ ነው፣ ትናንትም ነበረ ሊል አፉን ሲከፍት ጣቷን ፊቱ ላይ ዘረጋችለት።

"ከዳብ" አለችው። ውሸታም ማለት ነው፤ ግን እየሳቀች ነው ያለችው። ያሁን ልጅ እንደ ታምሬ ዘመን ልጅ አይታለልም።

ዘኪያ ጆንያ አመጣችና መቀመጫው ላይ ዘረጋችላት። ትሁት ወደ እጀታው ስትሄድ ታምሬ ቀደማት። እስከዛሬ እጀታውን ነክቶት አያውቅም። ብረቱ በባንታምላክ እጅ ተፍቆ አብረቅራቂ ሆኗል፤ መዳፉም የሚያርፍበትን ቦታ ሳይፈልግ አገኘው። ከባድ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ስምንት አገር ማዞር እንደዚህ እንደሚከብድ በሠላሳ አንድ ዓመት አስቦት አያውቅም። ትከሻው እየተሰነጠቀ አዞረው፤ ሰማያዊው ሳጥን ከኒሞቹ አናት አለፈ፣ ጫፍ ደረሰ። ታምሬ ሰውነቱን ሁሉ እጀታው ላይ ጥሎ ያዘ።

 ከሥር ሆኖ ሲታይ ከሳጥኑ ሆድና ከሰማዩ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ኮረብታው አይታይም፣ ምሥራቁም አይታይም። ታምሬ ይህንን ያወቀው በዚያች ደቂቃ ነው። ባንታምላክ ያን ቀን፣ ቋራ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ ምንም አላየም ነበር።

"አያ ታምሬ" አለች ልጅቷ ከላይ፣ "ያ ሰማያዊው... ዳክ ኦምዱርማን፣ እሱ ነው?"

ኦምዱርማን በምዕራብ በኩል፣ ከጀርባዋ ነው፤ ስንት ቀን መንገድ ርቆ። ታምሬ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ የሚጠርግበት እጅ ግን የለውም።

"አዎ፣ እሱ ነው" አላት።

ሃና ኦምዱርማን የቀረውን አባቷን ጠራች። ደርሰናል አለችው፣ እማዬም ደህና ናት፣ ትምህርት ቤት ነው የምንተኛው፣ ጣቴ ሰማያዊ ሆኗል አለችው። ብዙ ነገር ነገረችው። ታምሬ በቃኝ እስክትል ያዘላት።